ዳር ላይ የተገኘው ማግኔት

ጉምሩክ የሚለውን ስም ያወጡላት የላቦራቶሪው ልጆች ናቸው። በሌለችበት ነው የሚጠሯት፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ብለው ተማምነው። የእሷ ጆሮ ግን ባዳ አልሆነባትም፣ ከሰማችው ቆይታለች፤ ሰምታም አልተቀየመች። እውነት ነዋ! እሷ በምትመራው የመለኪያ ክፍል በር ላይ የፕላስቲክ ቅርጫት አስቀምጣለች። መግባት የፈለገ ሁሉ ሰዓቱን፣ ቁልፉን፣ ቀበቶውን፣ ሴት ከሆነችም የጸጉር ማስያዣዋን ሳይቀር እዚያ ጥሎ ነው የሚያልፈው። ዳይሬክተሩ እንኳ አንድ ጊዜ እንግዶች ይዘው መጥተው፣ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ክፍሉን ሲያስጎበኙ ታይተዋል። የሚያጉረመርም ሲገጥማት «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ትለዋለች። ብረት የሚባል ነገር፣ ዓይን የማያየው ብናኝ እንኳ ቢሆን፣ ውስጥ ወዳለው የመለኪያ ማሽን እንዳይጠጋ ስትከላከል ነው ጸጉሯ የሸበተው። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ያላት ማሽኑና ወንድሟ ነው።

ማሽኑ ከሰው የሚረዝም፣ ሆዱ በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ በሽተኛ የሚያቃስት ነገር ነው። ሥራው የተሰጠውን ናሙና ማግኔትነት መለካት ነው፤ ኢምንት የምትባለዋ እንኳ አታመልጠውም። ታዲያ ይህ ሁሉ ክብር የሚሰጠው ማሽን ናሙናውን በምን ይይዛል ቢባል፣ በስትሮ ነው። አዎ፣ ለስላሳ በሚጠጣበት ተራ የፕላስቲክ ስትሮ። የሙያው ሰዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ፕላስቲኩ ማግኔት አያውቅምና። ናሙናው ስትሮው ውስጥ ይገባል፣ እንዳይንሸራተት ደግሞ ከሌላ ስትሮ አጭር ቁራጭ ተቆርጦ ከሥሩ ይሰካለታል፣ ከዚያ ማሽኑ ይውጠዋል።

ወንድሟን እርሳስ ይሉታል። አንድም ቀጭን ስለሆነ፣ አንድም ዕድሜውን ሙሉ ከእርሳስ ሆድ ውስጥ ካለው ጥቁር ነገር ጋር ሲታገል ስለኖረ። የሚሠራው ግራፊን ነው፤ ከአንድ አቶም የማይወፍር የካርቦን ንጣፍ። ያንን ንጣፍ ዓይን በማያየው ቅጥነት እንደ ጥብጣብ ይቆርጥና ጠርዙን የመጋዝ ጥርስ ያስመስለዋል። ለምን ብሎ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። «መሀል ያለ አቶም ሦስት ጎረቤት አለው፤ ሦስቱንም ይይዝና በሰላም ይተኛል። ዳር ላይ የቆመው ግን አንድ እጁ ባዶ ነው። ባዶ እጅ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። እዚያ ዳር ላይ ማግኔት አለ። ካርቦን ሆኖ ማግኔት!» ስሌቱማ ካለ ቆይቷል፤ የቀረው በእጅ ይዞ ማሳየት ነው። ማሽኑ ግን ለዓመታት ስክሪኑ ላይ የሰጠው መስመር ዝርግ ነበር፤ ማግኔት የለም ማለት ነው። ሚስቱ «ይሄ ሰው ካርቦን አግብቶ እኔን ደርቦኝ ነው» እያለች ትቀልዳለች። ቀልዱ እየዋለ እያደረ ምሬት እየሆነ ሄዷል።

ጉምሩክ ለእሱ እህት ብቻ አይደለችም። እናታቸው ስትሞት እሱ የጫማውን ክር ማሰር የማይችል ልጅ ነበር፤ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ድራዋለች። «እታለም» ነው የሚላት። ሌላውን ሁሉ በር ላይ የምትፈትሸው ሴት በእሱ ጉዳይ ላይ ፍጹም ሌላ ሰው ትሆን ነበር። የጎረቤት መስኮት ሲሰብር «እኔ ነኝ» ብላ የተሰደበችው እሷ ናት። ከፈተና ቀርቶ ኳስ ሲጫወት ሲያዝ «ታምሜ ሲያስታምመኝ ነው» ብላ አስተማሪው ፊት የማለችው እሷ ናት። ላቦራቶሪ ከገባ በኋላ እንኳ ብርጭቆ ቢሰበር፣ ምድጃው ሳይጠፋ ቢታደር፣ «እኔ ነኝ የረሳሁት» ባይ አላጣም። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ የለም፤ ዳይሬክተሩም ቢሆኑ እየሳቁ ያልፉት ነበር።

በመጨረሻ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «በዚህ ዓመት አንድ ነገር ካላሳየኸን እንለያያለን» ብለው ቁርጡን ነገሩት። እርሳስ ናሙናው የሚሠራበትን ምድጃ ሙቀት ቀየረ፣ አሠራሩን ገለበጠ፣ አዲስ ናሙና ሠራ። ያኔ ነው መስመሩ የተነሣው። የማሽኑ ማግኔት ሲጠነክር በአንድ መንገድ ወጣ፣ ሲላላ በሌላ መንገድ ወረደ፣ መሀሉ ላይም እንደ አፍ ትንሽ ተከፈተ። ይህ መከፈት የእውነተኛ ማግኔት ምልክት ነው። ደገሙት፤ ተከፈተ። ሌላ ናሙና አመጡ፤ ያም ተከፈተ። እርሳስ ልቡ ጮቤ ረገጠ፤ ኮሪደሩ ላይ እህቱን እንደ ሕፃን አንሥቶ አሽከረከራት። ዳይሬክተሩ ቋሚ ቦታ ሊሰጡት ቃል ገቡ፣ ውጤቱን በዓይናቸው የሚያዩ ባለሙያዎችም ከሌላ ተቋም ጋበዙ። ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርቦንን ሳትረግም ሰነበተች።

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ጉምሩክ ቀደም ብላ ገባች። ወንድሟ ናሙናውን እስኪያመጣ ጊዜ ላለማባከን ስትሮውን አዘጋጀች፤ ቁራጩን ቆርጣ ከውስጥ ሰካችና ማሽኑ ላይ ሰቀለችው። ወንድሟ ዘገየ። እጇ ሥራ መፍታት አይወድምና ባዶውን ስትሮ ዝም ብላ ለካችው። ባዶ ስትሮማ ሁልጊዜም ትለካለች፤ የሥራው ደንብ ነው። ግን ሁልጊዜ የምትለካው ከፓኬቱ እንደወጣ፣ ቁራጭ ያልተሰካበትን ነበር። ናሙና ከሌለ ደጋፊ ምን ይሠራል ብላ።

መስመሩ ወጣ። በሌላ መንገድ ወረደ። መሀሉ ተከፈተ።

ክው አለች። መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠረች። ቁራጩን አውጥታ ስትሮውን ብቻውን ለካች፤ ዝርግ። ቁራጩን መልሳ ሰካች፤ ተከፈተ። ሌላ ቁራጭ ቆረጠች፤ እሱም ተከፈተ። ያን ጊዜ በሩን ከፍታ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ትንሽ ጠረጴዛ አየች። ጠረጴዛው ላይ መቀስ አለ፤ ከቤቷ የልብስ ስፌት ሣጥን ያመጣችው መቀስ።

ስትሮ የሚቆረጠው ብረት በሌለበት የሴራሚክ ምላጭ ነበር። ምላጩ ተሰበረ፤ የግዢ ክፍሉ «ታዟል» አላት፤ የግዢ ክፍልን «ታዟል» የሚያውቅ ያውቀዋል። ወንድሟ አዲሱን ናሙና ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ ዓመቱ እየሮጠ ነው። «ለዛሬ ብቻ» ብላ መቀሱን አመጣች። ወደ ክፍሉ አላስገባችውም፤ ውጭ ኮሪደር ላይ ቆረጠች፣ ቁራጩን በአልኮል ጠረገች፣ ማግኔት አስጠግታ ሞከረች። ምንም ነገር ንቅንቅ አላለም። ሕሊናዋም በዚያው ተኛ። ከዚያ ለነገም፣ ለከነገ ወዲያም መቀሱ ሆነ። አዲሱ ምላጭ መጥቶ እንኳ ሁሉ ነገር በሰላም እየሄደ ነው ብላ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተወችው። መቀሱ በቆረጠ ቁጥር የፕላስቲኩ ከንፈር ላይ ማንም የማያየውን ብረት ይተፋ ነበር። ወንድሟ ምድጃውን የለወጠበትና ምላጩ የተሰበረበት ጊዜ አንድ ስለሆነ፣ ሁሉም ምስጋናውን ለምድጃው ሰጠ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ማግኔቱ በእርግጥም ዳር ላይ ነበር፤ የግራፊኑ ሳይሆን የስትሮው ዳር ላይ።

እርሳስ እየተቻኮለ ደረሰ። ቀበቶውን ገና ከበሩ ሳይደርስ ፈትቶ በእጁ ይዞታል፤ ናሙናው በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ነው።

«ይቅርታ እታለም፣ ታክሲ አጥቼ ነው። እንግዶቹ ደረሱ እንዴ?»

«ና እስኪ ይህን እይ።»

ስክሪኑን አየና ፊቱ በራ። «ኧረ ምን የመሰለ ነው! የትኛው ናሙና ነው ይሄ?»

«ናሙና የለበትም። ባዶ ስትሮ ነው።»

«እየቀለድሽ ነው?»

«እኔ በዚህ ክፍል መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ጉምሩክ እጁን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችውና መቀሱን አሳየችው። «ምላጩ የተሰበረ ጊዜ ከቤት ያመጣሁት ነው። በእሱ ነው ስቆርጥ የከረምኩት። እኔ ነኝ ወንድሜ። ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ ጉድ የሠራሁህ።»

እርሳስ አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢሰድባት፣ መቀሱን አንሥቶ ቢወረውረው ይሻላት ነበር። ካርቶኑን ከመደርደሪያው አወረደና «እስኪ በአዲሱ ምላጭ እንቁረጠው» አለ። ካርቶኑን ከፈቱ፣ ቆረጡ፣ ናሙናውን አስገብተው ለኩ። መስመሩ ዝርግ ሆነ፤ እንደ ድሮው።

«ዝርግ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም» አለ እርሳስ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። «ጥብጣቡ ሁለት ዳር አለው። የአንዱ ዳር ማግኔት ወደ ላይ ሲያይ ማዶ ያለው ወደ ታች ያያል። ሁለቱም አሉ፣ ግን ይጣፋሉ፣ ማሽኑም ዜሮ ያነባል። አንዱን ዳር ብቻ የመጋዝ ጥርስ አድርጌ፣ ሌላውን በሌላ ቅርጽ ብቆርጠው ግን አይጣፉም። ልጀምረው ነበር እኮ። መስመሩ ሲከፈት ጊዜ፣ አሁንማ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?»

«ዓመት። እሱም ዓመት የሚሰጠኝ ካገኘሁ።»

«ታገኛለህ» አለች ጉምሩክ። ልቧ በአንድ አፍታ ቆርጧል። «ለዳይሬክተሩ እኔ እነግራቸዋለሁ። ጥፋቱ የመለኪያ ክፍሉ ከሆነ አንተን ምን ብለው ያባርሩሃል? ይኸው ናሙናህ በወጉ ሳይለካ ነው የከረመው። ዓመትህን ያድሱልሃል፣ ግዴታቸው ነው።»

«አንቺንስ?»

«እኔን ተወኝ።»

«ያስወጡሻል እታለም። ይህን ሁሉ ሰው በር ላይ ስታራቁቺ ኖረሽ፣ አንድ ቀን አያሳድሩሽም።»

«ያስወጡኝ!»

እርሳስ የሚያቃስተውን ማሽን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ።  «እሺ» አለ። «እንግዶቹን ዛሬ ማሽኑ ተበላሽቷል ብለን እንመልሳቸው። ነገ ጠዋት ዳይሬክተሩ ጋ አብረን እንገባና ትነግሪያቸዋለሽ።» ከልጅነቱ ጀምሮ ውሸቱን ከዓይኑ ስታነብ የኖረች ሴት ያን ቀን አላነበበችም። እንባ ጋርዷት ይሆናል።

በማግስቱ እርሳስ በተቀጣጠሩበት ሰዓት አልመጣም። ስልኩም አይነሣም። ወኔው ከድቶት ነው ብላ አዘነችለትና ብቻዋን ገባች። መቀሱን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ዳይሬክተሩ አስቀመጧት፣ በሩን ዘጉ፣ እስክትጨርስም አላቋረጧት። ስለ ምላጩ፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ ባዶው ስትሮ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። መቀሱንም አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንደዚያ ያለ እውነት በአንድ ትንፋሽ ተናግራ አታውቅም።

ዳይሬክተሩ ፈገግ አሉ። ያ የርኅራኄ ፈገግታ አስፈራት።

«ወንድምሽ ትናንት ከሰዓት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር» አሉ። «ሁሉን ነግሮኛል። የፕላስቲኩ ወረንጦ እየተንሸራተተ ቢያስቸግረው፣ ናሙናዎቹን በብረት ወረንጦ ሲይዝ ነው የከረመው። ስንቴ አስጠንቅቀሽዋል!»

«ውሸቱን ነው!»

«እንደዚህ እንደምትዪም ነግሮኛል። ‹ነገ እህቴ መጥታ እኔ ነኝ ትላለች፣ ምክንያትም አታጣም፣ አመሏን ያውቁታል፣ እንዳይሰሟት› አለኝ። ይኸው መጣሽ። መቀስም ይዘሽ መጣሽ።»

«ይምጡና ይዩ እንግዲህ! ባዶውን ስትሮ አሁኑኑ ፊትዎ እለካዋለሁ!»

«ታሳዪኛለሽ፣ አልጠራጠርም። በዚህ መቀስ ቢቆረጥ ብረት ይነካዋል፣ ማን ይክዳል? ግን አንቺ? አንቺ ነሽ ወደዚያ በር ብረት የምታስጠጊው? እኔን ቀበቶዬን ያስፈታሽ ሴት?»

 ስትሸፍን የኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ተሰብስበው አፏን ያዟት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህን ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን ለወንድሙ ሲዋሽ ያልኖረ ሰው መሆን አለበት።

«ዓመቱን ያድሱለት» አለች በመጨረሻ፣ እንደ ለማኝ። «ጥፋተኛው ማንም ይሁን፣ አንድ ዓመት ብቻ ይስጡት። ሊያገኘው ተቃርቧል።»

«ብፈልግም አልችልም። ስንብቱን ጠይቆ ተቀብያለሁ። ብረት አትንካ እየተባለ የሚነካ ሰው ናሙና ማን ያምናል? ለእንግዶቹም አስረድቻቸዋለሁ። የመለኪያ ክፍላችን እንከን እንደሌለበትም በደንብ ነግሬያቸዋለሁ፤ ስምሽ ንጹሕ ነው።» መቀሱን መልሰው በወረቀቱ ጠቀለሉና እጇ ላይ አኖሩላት። «ሂጂ፣ ዛሬ እረፊ። እንዳንቺ ያለች እህት ለሁሉም አልተሰጠችም።»

ከዚያ ቢሮ እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ዓይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ እዚህ ግን ዓይጧ «እኔ ነኝ» እያለች ብትጮኽ የሚሰማት ጠፋ። ለአንድ ዓመት ብላ ሁሉን ልትጥል ተነሥታ፣ ዓመቱም ሄደ፣ እሷም ከነክብሯ ቀረች። ሰው ዞር ብሎ እስኪያያት ድረስ መንገድ ላይ ብቻዋን እያወራች በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

በሩን የከፈተችላት ሚስቱ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ማዕድ ቤቱ ወለል ላይ አንድ ካርቶን ተቀምጧል፤ ነጩ ጋውኑ፣ የሻይ ኩባያውና ጥቂት መጻሕፍት ከላቦራቶሪው ተመልሰዋል። እርሳስ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል። ቀና አላለም።

«ግቢ እታለም፣ ግቢና ጉዳችንን ስሚ» አለች ሚስቱ። «ብረት አትንካ ሲባል ብረት የሚነካ ሰው! ያውም የገዛ እህቱ ቀን ከቀን እየለፈለፈችለት! ይህን ሁሉ ዓመት ስጠብቅ ኖሬ በአንድ ወረንጦ? በወረንጦ ነው እንዴ ቤቴ የሚፈርሰው?»

«እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ስሚኝ የኔ ልጅ፣ የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ፣ እኔ ነኝ። መቀሱ ይኸው...»

«ተይ እባክሽ!» ሚስቱ ጮኸች። «ዛሬ እንኳ ተይ! ከልጅነቱ ጀምሮ ስትሸፍኚለት ስትሸፍኚለት አይደል እንዲህ የሆነው? አንድ ቀን እንኳ የራሱን ጥፋት ራሱ ይሸከም!»

ጉምሩክ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ንገራት። አንተ ልጅ፣ በሕይወቴ አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም። ንገራት።»

«ነግሬያታለሁ እኮ» አለ እርሳስ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ ግን የረጋ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሚስቱ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ምድጃው ዞረች። እርሳስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማሽኑን ቢወስዱብሽ ምን ይቀርሻል? እኔ የትም ገብቼ ልጆች አስተምራለሁ። ሆድ ይፍጀው፣ ዝም በይ።»

«ሥራህስ? ዳሩስ? ያ ሁሉ ዓመት?»

«ዳሩ የትም አይሄድም። ሌላ ሰው ያገኘዋል።»

ይህን ሲል ብቻ ነው ከንፈሩ የተንቀጠቀጠው። ጉምሩክ ልታቅፈው ፈለገች፤ ሚስቱ ፊት ብታቅፈው ያው ሽፋን ይመስልባታል ብላ እጇን ሰበሰበች።

ሚስቱ ድስቱን ይዛ ተመለሰች። ከባሏ ጋር ነው እንጂ ከእህቱ ጋር ምንም የላትም። «በይ ቁጭ በይ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል። ከትናንት ጀምሮ እህል ቀምሰሻል?» አለችና ከሾርባው ወፍራም ወፍራሙን እየመረጠች ጨለፈችላት። ዳቦ ቆርሳ ከጎኑ አኖረችላት፣ ትከሻዋንም ዳበስ አደረገቻት። ለባሏ ሳህን አላመጣችም። እርሳስ እህቱን «ብዪ» በሚል ዓይን ተመለከታት። ጉምሩክ ማንኪያውን አነሣችና በላች።